«የካቲት 1» የሚባል ቀበሌ

ሰው ሲሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሄዳል። ወፍ ሳይንጫጫ በሩ ይንኳኳል። ከዚያ በፊት ጎረቤት እንዲያውቅ ይደረጋል፤ እናት ልበ ደካማ ከሆነች የሚይዛት ሰው ከኋላዋ ይቆማል። አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ይኼ ሕግ ነው። የጻፈው የለም፤ የሻረውም አልነበረም፣ እኛ እዚህ መጥተን ሠልጥነናል እስክንል ድረስ።

እኔ ደብተሩን የያዝኩት ለዚህ ነበር።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሰው በብዛት ይመጣ ጀመር። እኔ ቀድሜ የመጣሁ ነኝ። ዙሪክ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ሳጥብ ኖሬ፣ ወገቤ ሲበላሽ ከጊዜው በፊት ጡረታ አስወጡኝና ከከተማው ዳር ዲቤንዶርፍ ቤቴ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላንግሽትራሰ መንገድ ላይ ወዳለው የአበሻ ሱቅ እሄዳለሁ። ከበርበሬው ከረጢት አጠገብ አንዲት ወንበር አለች፣ የኔ ናት። እዚያ ቁጭ ብዬ አዲስ ሰው ሲገባ እጠራለሁ።

«ና ወዲህ። ብትሞት ለማን ይነገርልህ?»

ይደነግጣል። አንዷማ የመረጠችውን ሽሮ ጥላ ወጥታለች። አንድ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ጎረምሳ ደግሞ፣ «ፋዘር፣ ገና ትላንት መምጣቴ እኮ ነው» አለኝ።

«ሞትም ትላንት ነው የመጣው፣ በአንድ ባቡር» አልኩት። «የእናትህ ስም ማነው?»

ባለሱቋ ትንጨረጨራለች። «ጋሼ፣ ደንበኛ ጨረሱብኝ! ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ገብቶ ሬሳ ሆኖ ይውጣ?»

«ሽንኩርቱንም ይግዛ፣ አድራሻውንም ይስጥ» እላታለሁ። አልተውም። የተውኩት ነገር ኖሮኝም አያውቅ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ። እጄ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። የጻፍኩትን ግን አልስትም፤ የማይችል ሰው ስለሆንኩ እያንዳንዷን ሦስት ጊዜ ነው የማያት። ጥቁር፣ ሽፋነ ጠንካራ ደብተር ነበረኝ። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። የሰውየው ስም፣ የእናቱ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ በር የሚያስከፍት ጎረቤት ከነስልኩ። በኔ ጊዜ ቀበሌ አንድ ቁጥር ነበር። ኋላ ሁለት ሁለቱን እያጋቡ አንድ አደረጓቸው መሰለኝ፣ አዲስ መጪዎቹ «ዜሮ አንድ እዝባር ዜሮ ሁለት» እያሉ ይነግሩኛል፤ እኔም 01/02 ብዬ እጽፋለሁ። ሌላው 05/06 ነው፣ ሌላው 13/14። እዝባሯን ወረቀቱ ሊበሳ እስኪደርስ ነበር የምስባት።

አዲስ አበባ የባለቤቴ ወንድም አለ። ጡረተኛ ሹፌር ነው። እዚህ ሰው ሲሞት እደውልለትና ከደብተሩ አነብለታለሁ፤ እሱ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። አምስት ጊዜ እንዲህ አድርገናል። አንድም በር አልሳትንም።

ጄኔቭ ያሉት ወገኖቻችን ማኅበራቸው ለብቻ ነበር። በምርጫው ሰሞን ጎራ ለይተን ስንሰዳደብ ከርመን፣ ሲደክመን ሁለቱን ማኅበር አንድ እናድርግ ተባለና ጄኔቭ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የነሱ ጸሐፊ በአሥር ዓመቱ ከአገር የወጣ፣ ከዓለም አቀፉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አሁኑኑ ልበል፤ ከዚህ በኋላ ስለሱ ደግ ነገር ላልናገር እችላለሁ።

«ጋሼ፣ ደብተሩን ይስጡኝና ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባው» አለኝ በሰው ፊት። «ቢጠፋስ?»

«እስካሁን ጠፋ?»

«እሺ፣ እርስዎ ቢሞቱስ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የኔኑ ጥያቄ ነው መልሶ የወረወረብኝ። አውጥቼ ሰጠሁት።

«ቁጥሮቼን እንዳትነካ» አልኩት። «እንዳለ ነው የምትገለብጠው።»

«እንዳለ» አለኝ።

የዚህ አገር ክረምት መሐል ላይ እንደገና ጄኔቭ ተጠራን። ሥራውን ግድግዳ ላይ በመብራት አሳየን። ሰንጠረዥ ነው፤ መስመርና መስመር፣ ሳጥንና ሳጥን። ስማችን ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ሰው አጨበጨበ። እኔ መነጽሬን አድርጌ ተነሣሁና ግድግዳው ሥር ሄድኩ። ቀበሌ በሚለው ሥር 01/02 መሆን የነበረበት «01 ፌቭሪዬ» ይላል። 05/06 የነበረው «05 ዡዋን» ሆኗል። የፈረንሳይኛ ወር መሆኑን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። 13/14 ብቻ እንደጻፍኩት ቆሟል። የቤት ቁጥሮች ፊታቸው ላይ የነበረችው ዜሮ ተላጭታለች። ስልኮቹማ ተመሳስለዋል፤ ሁለት ነጥብ አምስት አንድ፣ አንድ የፈረንጅ ፊደል፣ የመደመር ምልክት፣ አሥራ አንድ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ስልክ።

«ቀበሌዬን ምን አደረግከው?» አልኩት።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«እዝባሬ የት ሄደ? ይኼ ፌቭሪዬ የሚለው ማነው?»

ቀረብ ብሎ አየ። ጊዜ አልወሰደም። «እሱ ኮምፒውተሩ አስተካክሎት ነው። የተሳሳተ አጻጻፍ ሲያገኝ በራሱ ያስተካክላል።»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አይቆጡ…»

«ደብተሬን አምጣና እናስተያየው።»

እዚህ ላይ ጆሮው ቀላ። ደብተሩን ሚስቱ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በገመድ አስራ ለወረቀት ሰብሳቢው አውጥታው ነበር። በዚህ አገር ወረቀት በቀኑ ታስሮ በር ላይ ይቀመጣል፤ መኪና ይወስደዋል፤ ይፈጭና ሌላ ወረቀት ይሆናል። ይህን እያንገራገረ ነገረኝ። ከዚያ ወሬ ማስቀየሻ ፈለገ።

«እንግዲህ ደብተሩም ጡረታ ወጣ ጋሼ። እንደ እርስዎ።»

ሳቁ። የእናቶቻቸውን ስም በእጄ የጻፍኩላቸው ሰዎች ናቸው የሳቁት። ካፖርቴን አነሳሁ። ከጄኔቭ ዙሪክ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው፤ ሐይቁ በቀኝ በኩል ሲያልፍ አላየሁትም። ከዚያ ቀን በኋላ ስብሰባም አልሄድኩ፣ ከበርበሬው አጠገብም አልተቀመጥኩ። ኮምፒውተር ካላቸው ይሙቱ፣ አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት፣ ባለቤቴ ሰምታ አማትባለች።

እንዳልኩትም አንድ ሰው ሞተ።

ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ብቻውን የሚኖር፣ ዕድሜው አርባን ያለፈ ሰው ነበር። ከምርጫው በኋላ የመጣ ነው። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ፣ እዚህ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ድስት አጣቢ። ለእናቱ አንድ ነበር። አድራሻውን የሰጠኝ ባቡር ውስጥ ነው። እናቱ ስልክ አልነበራትም፤ በር የሚያስከፍተው ጎረቤት አንድ ባለወፍጮ ነበር።

«ከሞትክ እዚህ ትቀበር ወይስ አገርህ ትላክ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ሁሉንም ነው የምጠይቀው።

ትንሽ አሰበ። «እኔ ከሞትኩ ወዲያ ምን ቸገረኝ? እሷ ትወስን። የወለደችኝ እሷ ናት፤ የት እንደምተኛ እሷ ትበል።»

ከገጹ ግርጌ «እናት ትወስን» ብዬ ጽፌ አሰመርኩበት። ጸሐፊው ሰንጠረዡ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሳጥን ስላልነበረ ተወው።

ቅዳሜ ሞቶ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ። ባለሱቋ እያለቀሰች ነገረችኝ። የቀብር ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሰዎች ደግ ነበሩ፤ ዘመድ ፈልጉ ብለው ቀን ሰጡ። እስከ ዓርብ። እናቲቱ ይላክልኝ ካለች ይላካል፣ ለመላኩም ሰው ዝግጁ ነበር። እስከ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ ድምፅ ካልተሰማ ግን እዚሁ ይቀበራል። እዚህ መቀበር ማለት ደግሞ ኪራይ ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል ይቆይና መቃብሩ ለሌላ ይለቀቃል። ያቺ ሴትዮ ልጇን በአገሯ አፈር ለማግኘት ከእሑድ እስከ ዓርብ ጠዋት ድረስ ነበራት ማለት ነው። እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ መሞቱንም አታውቅም።

ጉዳዩን የያዘው ጸሐፊው ነው። ሰንጠረዡን ከፍቶ፣ ቀበሌ ከሚለው ሥር «01 ፌቭሪዬ» የሚለውን አየና፣ ወደ አማርኛ መልሶ ለባለቤቴ ወንድም ላከለት፤ ቀበሌ የካቲት 1፣ የቤት ቁጥር 47። የሳቃችሁ እንደሆነ ቆዩ። የባለቤቴ ወንድም አልሳቀም። ለምን ይሳቅ? አዲስ አበባ በቀን የተሰየመ ነገር ሞልቷል። የካቲት አሥራ ሁለት የሚባል ሆስፒታል አለ። በግንቦት የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ፣ በመጋቢት የሚጠራ አለ። መንግሥት በመጣ ቁጥር ቀኑን ቦታ ላይ ይለጥፋል፤ ሕዝቡም ለምዷል። የካቲት አንድ የሚባል አዲስ ሰፈር ወጥቶ ይሆናል ብሎ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ወጣ።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ለኔ ደወለ።

«አንተ፣ የካቲት አንድ የት ነው?»

«ምን?»

«የጄኔቩ ሰውዬ የላከልኝ አድራሻ ነዋ! ሁለት ቀን ሙሉ ዞርኩ። እግራችን አለቀ። የካቲት አሥራ ሁለት ሆስፒታል በር ላይ ጥበቃውን የካቲት አንድ የት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‘አባቴ፣ አሥራ አንድ ቀን ቀድመው መጡ’ ብሎ ሳቀብኝ። የማን ቀልድ ነው ይኼ?»

ወዲያው ገባኝ። ግድግዳው ላይ ያየሁት መጣብኝ። ኮምፒውተሩ 01/02ን ሲያይ ቀን መሰለው፤ ሁለተኛ ወር፣ አንደኛ ቀን። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ፌቭሪዬ ነው። ያንን ጸሐፊው የካቲት አደረገው። 13/14 የዳነው ፈረንጅ አሥራ አራተኛ ወር ስለሌለው ነው። ይህን ሁሉ ቆሜ፣ የስልኩን እጀታ ይዤ፣ ባንድ ትንፋሽ አወቅኩት። «ዜሮ አንድ እዝባር ዜሮ ሁለት» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ምላሴ ላይ ነበር።

«ጸሐፊውን ጠይቀው» አልኩት። «እሱ ኮምፒውተር አለው።»

«አንተ አታውቅም?»

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

ዘጋሁት።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «ምን ሆነ?» አለች። «ምንም» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ደወለ፤ አላነሳሁም። ረቡዕ ሰባት ጊዜ ደወለ። እየቆጠርኩ አላነሳሁም። ያቺ እናት ከአእምሮዬ ጠፍታ ነበር እንዳልል፣ አልጠፋችም። ግን ከሷ ቀድሞ ያ ሳቅ ነበር የሚመጣብኝ። ጸሐፊው ራሱ መጥቶ ደጄ ላይ እንዲቆም ፈለግኩ። በስልክ አይሆንም አልኩ። መርዶ ብቻ አይደለም በስልክ የማይሆነው፤ ይቅርታም በስልክ አይሆንም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ከጄኔቭ ዙሪክ፣ ከዙሪክ ዲቤንዶርፍ። በረዶ እየዘነበ ነበር፤ ያ ጫማ ተበላሽቷል።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ ነገ ሊቀበር ነው።»

«ጫማህን አውልቅ።»

አወለቀ። በካልሲ መተላለፊያው ላይ ቆመ። ግባም፣ ተቀመጥም አላልኩትም። ባለቤቴ ወንበር ልትስብ ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። እኔ ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰንጠረዡን ዙሪክ ጣቢያ አጠገብ አሳትሞ አምጥቷል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ቋንቋውን ቀይሮ «01. ፌብ» ይላል። ያው አንድ ሰንጠረዥ ጄኔቭ ላይ ፈረንሳይኛ፣ ዙሪክ ላይ ጀርመንኛ ይናገራል። አማርኛ ብቻ ነው ያላወቀው።

«ልመልሰው ሞክሬ ነበር» አለኝ። «ሳጥኑን ወደ ጽሑፍ ስቀይረው ጭራሽ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ምናምን የሚል ቁጥር ሆነብኝ። የድሮው የለም ጋሼ። ጠፍቷል።»

«ማነው ያጠፋው?»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

«ኮምፒውተሩ አስተካክሎት ነው አላልክም? የተሳሳትኩት እኔ አልነበርኩም?»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ጮክ በል። ጆሮዬም ጡረታ ወጥቷል።»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ጋሼ!» ዓይኑ እንባ ሞላ። አርባ አምስት ዓመት የሆነው ሰው፣ በካልሲ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ሻዩ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። እስከ ጭላጩ ጠጣሁና ስኒውን አስቀምጬ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ጣቴን ፌብ የምትለዋ ላይ አደረግኩ። «ይኼ ቀን አይደለም። አንድና ሁለት ነው። ቀበሌ 01/02። የቤት ቁጥሩ 047። ጎረቤቱ ባለወፍጮ ነው። ማክሰኞ ዕለት አውቄዋለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። ቀና ብሎ አየኝ። ስልኩን አወጣና ለባለቤቴ ወንድም ደወለ።

እዚያ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። መርዶ ከሰዓት አይነገርም፣ ነገ ማልደን እንሄዳለን አለ። ማልደው ቢያገኟት ይደርስ ነበር። ሰዓቱን ቆጥረነዋል፤ ይደርስ ነበር።

ግን ሦስት ሽማግሌ በማለዳ ነጠላ ተከናንቦ ለሦስት አራት ቀን በየቀበሌው እየዞረ፣ ልጇ ስዊዝ ያለ፣ ስሟ እንዲህ የሆነች ሴትዮ ታውቃላችሁ ወይ እያለ ሲጠይቅ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ወሬ ከሽማግሌ ይፈጥናል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሻይ በጠጣሁበት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት አትክልት ሻጭ ቲማቲም እየመዘነችላት፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ልጅ ስዊዝ አይደል? መርዶ ነጋሪዎች የሚፈልጉት እርስዎን እንዳይሆን» አለቻት። እዚያው ቲማቲሙ ላይ ወደቀች። ከኋላዋ የቆመ ሰው አልነበረም። ሰዎች ተሸክመው ከተማው ማዶ ያለች እህቷ ቤት ወሰዷት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ 047ን አንኳኩ። ባለወፍጮው ወጣ። «አርፍዳችኋል» አላቸው። «ትላንት ወስደዋታል።» የእህቷን ቤት ሲፈልጉ፣ ታክሲ ሲቀይሩ፣ እዚያ ሰባት ሰዓት ሆነ። እዚህ አምስት ሰዓት።

እኛ መቃብሩ ላይ ነበርን። ቄሱ ፍትሐቱን ጨርሶ፣ ሳጥኑ ወርዶ፣ ሰው እፍኝ እፍኝ አፈር እየጣለ ነበር። የጸሐፊው ስልክ ጮኸ። ሰማና ለኔ አቀበለኝ። የባለቤቴ ወንድም ነው።

«‘አምጡልኝ’ ትላለች» አለ። «‘እዚሁ አምጡልኝ፣ አባቱ ጎን’ ትላለች። ንገሩልኝ፣ ጊዜ አለ አይደል?»

ጉድጓዱን አየሁ። ቆፋሪው ትንሿን መኪና አስነስቶ እኛ ዞር እስክንል ይጠብቃል።

«የለም» አልኩት።

ኋላ ጠይቀን ነበር። ከተቀበረ በኋላ ማውጣት ሌላ ሕግ ነው፤ ወረቀት ተጻጻፍን፣ አልሆነም። ማክሰኞ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ረቡዕ ማለዳ በወጉ ትረዳ ነበር፤ ዓርብ ልጇ አውሮፕላን ላይ ይሆን ነበር። ይህን ስሌት ሒሳብ አስተማሪ መሆን ሳያስፈልግ እኔም እችለዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እልኸኛ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሰፈራችን ለሽማግሌዎች ኮምፒውተር የሚያስተምሩበት ክፍል አለ፤ ገባሁ። አስተማሪዋ ከኔ የምትበልጥ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ የስዊዝ ሴትዮ ናት። ጀርመንኛዬ የልብስ ማጠቢያ ጀርመንኛ ነው፤ አንሶላ፣ ትራስ፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ። እንደምንም 01/02 ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላትና ሰንጠረዡ ላይ መታሁት። ሲለወጥ አየች። ሳቀች፣ ግን በኔ አልነበረም። «ገምቶ ነው» አለችኝ። «ቁጥር ሲያይ ይገምታል። ምን እንደሆነ ሳይቀድምህ ንገረው።»

ነገሩ ይኼው ነው፣ ደብተር ለምትይዙ ሁሉ እጽፈዋለሁ። ባዶውን ሰንጠረዥ ክፈቱ። ምንም ሳትጽፉ ዓምዱን ሙሉ ምረጡና «ጽሑፍ» በሉት። ከዚያ ጻፉ። ቀድሞ የተተየበ ዝርዝር የምታስገቡ ከሆነ ፋይሉን ሁለቴ ነክታችሁ በችኮላ አትክፈቱት፤ በራሱ ይገምትና ይጨርሰዋል። ከሰንጠረዡ ውስጥ ሆናችሁ አስገባ በሉት። ያኔ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነ ይጠይቃችኋል። እሺ እሺ እያላችሁ አትለፉ። ቀበሌውንም፣ የቤት ቁጥሩንም፣ ስልኩንም ጽሑፍ ነው በሉት፤ ልትደምሩት አይደለምና። አንዲት ቁጥር ብቻ የምትጽፉ ከሆነ ከፊቷ አንዲት ከፍ ያለች ነጠላ ጭረት አስቀድሙ፤ ጭረቷ አትታይም፣ ግን ቁጥሩን ትጠብቃለች። ከተለወጠ በኋላ ጽሑፍ ብትሉት ግን አይሰማችሁም። ያለፈው አልፏል።

ጸሐፊው ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተሩን ይዞ ዙሪክ መምጣት ጀመረ። ሱቁ ጓዳ ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ቀበሌዎቹን ከወሮቹ ውስጥ ቆፍረን አወጣን፤ ጁን ያለውን 05/06፣ ኤፕሪል ያለውን 03/04። ስልኮቹ ግን ስለማይመለሱ ሰዉን አንድ በአንድ እንደገና ጠራን። ከሥራው ሌላ ቃል አንነጋገርም። «የቤት ቁጥር?» ይላል። «ዜሮ አርባ ሰባት» እላለሁ። ዜሮዋን ሲጽፍ እጁን አያለሁ።

አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ እዚያው እንደተቀመጥን ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ ወንድም ነበር። «እናቲቱ ላናግራቸው ብላለች» አለና ሰጣት። ድምጿ ደረቅ ነው፣ እንባው ያለቀ።

«ደብተር የሚይዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ልጄ ነግሮኝ ነበር። በባለወፍጮው ስልክ ደውሎ፣ ‘እማ፣ እዚህ አንድ ሽማግሌ አለ፤ አፉ ክፉ ነው፣ ግን አይረሳም፤ ብሞት መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ’ ብሎኝ ነበር።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የዘገያችሁ?» አለች። «ቲማቲም ስገዛ ነው የሰማሁት እኮ።»

ጸሐፊው ጣቱን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንስቶ ነበር። ከስልኩ ድምፅ ይወጣል፤ ጓዳዋ ጠባብ ናት።

«ኮምፒውተሩ ነው፣ እናቴ» አልኳት። «ቁጥሩን ለወጠው።»

«ኮምፒውተር?»

«አዎ። በራሱ ይለውጣል።»

«ሰው አይደለም?»

«ሰው አይደለም።»

ከወዲያ በኩል ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው ሲያባብል ይሰማል።

«እንግዲያው የምረግመው የለኝም» አለችና ስልኩን መለሰች።

ጸሐፊው ሁሉንም ሰምቷል። ቀና ብሎ አላየኝም። «ቀጣዩ ማነው?» አለኝ።